ሳላስረክብ የወጣሁ ቀን

ሲወስዱኝ እጄ ላይ የሳሙና አረፋ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በተከራየንበት ግቢ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ልጄን የልብስ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ፀጉሯን እያጠብኩ ነበር። ፖሊሶች ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ ስሜን ጠራ፤ ማዕረጌን ግን አልጠራም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። የሠራዊቱ ሰው ነኝ፤ ከስሜ በፊት «መቶ አለቃ» መባሉን ለምጄዋለሁ። ስም ብቻውን ሲጠራ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

«ለማጣራት ነው፤ አሁኑኑ ትመለሻለሽ» አለኝ።

«ፀጉሯን ላለቅልቅላት።»

«ሌላ ሰው ያለቅልቅላታል።»

ሌላው ሰው መጣች። ከግቢው በር ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ድምፅ ሰምታ የስኳር መጨለፊያዋን እንደያዘች ሮጣ ገባች፤ ምንም ሳትጠይቅ እጅጌዋን ሰብስባ ጆጉን አነሳች። ልጄ ዓይኗ ውስጥ አረፋ ገብቶ ታለቅስ ስለነበር እኔን እየወሰዱኝ መሆኑን አላየችም። በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ «ፓፉ…» ብዬ ጮህኩ። ፓፍ የምንለው ልጄ አስሟ ሲነሳ የምትስበውን መድኃኒት ነው። የት እንዳስቀመጥኩት፣ መቼ እንደሚሰጣት፣ እንዴት እንደምትስበው ሳልናገር የመኪናው በር ተዘጋ።

መንገዱ አጭር ነበር። በእግሬ እየሄድኩ ልደታን የምሳለምበትን መንገድ በፖሊስ ፒካፕ ሄድኩት።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የታሰረባቸው ቀዳዳዎች ቀርተዋል። መስኮት የምትባለው ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ክፍተት ናት። በእሷ በኩል የቀላል ባቡሩ ጥሩምባ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል የታክሲ ረዳት ጩኸት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የቅዳሴ ድምፅ ይገባል። ክፍሉ የእርጥብ ልብስና የበረኪና ሽታ ነበረው። ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካቦዋ፣ ማለትም ከእስረኞቹ መካከል የመኝታ ቦታ የምታድለውና ሥርዓት የምታስከብረው፣ መርካቶ ልብስ የምትነግድ ጠና ያለች ሴት ነበረች።

«ሥራሽ ምንድነው የኔ እናት?»

«ነርስ ነኝ። የሠራዊቱ ነርስ።»

«ሲስተር ነሻ! በሉ ተጠጉላት። በሩ ጋ ተኚ፣ አየር ታገኛለሽ። እኛም ሲያመን አንቺን እናገኛለን።»

በምን እንደታሰርኩ አልጠየቀችኝም። እኔም አላውቅም ነበር። መርማሪው የጠየቀኝ ስለ ሠራሁት ነገር ሳይሆን አባቴ ስለተወለደበት ቦታ ነው። ነገርኩት። እሱ በስም ብቻ የሚያውቀውን ያንን አገር እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ቁስለኛ ተሸክሜበታለሁ። ይህንንም ነገርኩት። «እሺ» አለና ጻፈ። የትኛውን እንደጻፈ እንጃ። ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴን የምሰጠው ሰው ስላጣሁ ይዤው ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

ሆዴን የበላው ግን እስሩ አልነበረም። ሳላስረክብ መውጣቴ ነው።

ነርስ ተራዋ ሲያበቃ ለተተኪዋ ታስረክባለች። በእኛ ሆስፒታል ርክክብ የሚደረገው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ ነው። ይህ ሰው ምን ሆኖ ገባ፣ ምን ተሰጠው፣ ምን ይቀረዋል፣ ምን ያሰጋኛል። ተረካቢዋ የሰማችውን መልሳ ትናገራለች፤ ከዚያ «ተረክቤያለሁ» ትላለች። ያንን ቃል እስክትል ድረስ በሽተኛው የአንቺ ነው። እግርሽ ቢያብጥም፣ ሰርቪሱ ጥሎሽ ቢሄድም የአንቺ ነው። ወታደርም ዘብ ሲቀያየር እንደዚሁ ያደርጋል።

ባለቤቴን ያወቅኩት በርክክብ ነው። ያኔ ግንባር አጠገብ በተተከለ የድንኳን ሆስፒታል እሠራ ነበር፤ እሱ ጓደኛውን በቃሬዛ ይዞ መጣ። ቁስለኛ የሚያመጡ ወታደሮች ይጮሃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ «አድኚልኝ» ብለው እጅ ይይዛሉ። እሱ ግን አቧራ የጠጣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ታፋው ላይ ነው የተመታው፤ ያሰርኩለት ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ውሃ ለምኖኝ ከልክየዋለሁ» አለኝና ቆመ። አይሄድም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ተረክቤያለሁ በይኝ።»

እዚያው ወደድኩት። ጓደኛው እግሩ ድኖ ዛሬም ድረስ «በእኔ ደም ተጋባችሁ» እያለ ያሾፍብናል።

እኔ መቶ አለቃ፣ እሱ ሃምሳ አለቃ ነው። የሰፈር ሰው «ግማሽሽን አገባሽ» ይለኝ ነበር። ማዕረግ ከጫማ ጋር በር ላይ ይውለቅ ብለን ተስማማን፤ ቤት ውስጥ አዛዥም ታዛዥም የለም። ልጅ ስንወልድ ደግሞ አንድ ደንብ አወጣን፦ ሁለታችን በአንድ ጊዜ አንጠፋም። አዲስ አበባ ሆስፒታል ስሠራ ልጅቷ ከእኔ ጋር ናት። እኔ ለግዳጅ ስላክ እሱ ያጠራቀመውን ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል። ለዚህ ሲባል እሱ ያመለጠው ኮርስ አለ፤ እኔም የተውኩት ዕድገት አለ። በዚህ የተጨቃጨቅንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። «የአንቺ ሥራ ሥራ ነው፣ የእኔ ጨዋታ ነው?» ይለኛል። እኔም መልሼ እሱኑ እለዋለሁ። ደንቡን ግን አልጣስነውም።

አንዳንዴ የምንተያየው ለአንድ ሻይ ያህል ብቻ ነበር። እሱ ከካምፕ የመጣበት አውቶቡስ ሜክሲኮ ያወርደዋል፤ እኔን የሚወስደኝ መኪናም ከዚያው ይነሳል። አደባባዩ አጠገብ ካለ ካፌ ገብተን፣ ልጅቷን መሃላችን አስቀምጠን ርክክብ እናደርጋለን። ምን በላች፣ ምን እምቢ አለች፣ የትኛው ጫማ ጠበባት። እሱ ሰምቶ ይደግማል፤ «ተረክቤያለሁ» ይልና ያቅፋታል። አስተናጋጇ የተፋታን ባልና ሚስት መስለናት ኖሮ አንድ ቀን ለልጄ ኬክ በነፃ አመጣችላት። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ሁለቱም ይወዱሻል» ብላ። ባሌ በሳቅ ሊሞት ነበር፤ እኔ ኬኩን ተካፈልኳት።

አስሙ የጀመራት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ክረምቱ መግቢያ ላይ፣ እሱ ግንባር እያለ። አንድም ቀን ሲነሳባት አላየም። እንግዲህ እኔ እዚህ ነኝ፣ እሱ እዚያ ነው፣ ልጄ ደግሞ ምልክቱን ከማያውቅ ሰው ጋር ናት። ጥርሴን ነክሼ አደርኩ፤ በማግስቱም እንደዚያው።

ጠዋት ጠዋት ቆጠራ አለ። በሩ ይከፈታል፣ አንዲት ፖሊስ ትቆማለች፣ ካቦዋ ስንት እንደሆንን ትናገራለች። አንድ ቀን ካቦዋን ትኩሳት ያዛትና «ሲስተር፣ ዛሬ አንቺ ንገሪያት» ተባልኩ። በሩ ሲከፈት ተነስቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አፌ የለመደውን ጀመረ።

«አንዷ ትኩሳት አላት፣ ፈሳሽ ያስፈልጋታል። ጥግ ያለችው ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። የቀሩት ደህና አድረዋል።»

ፖሊሷ አፈጠጠችብኝ። «ስንት ናችሁ ነው ያልኩሽ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ የታመመችው ካቦ ሳትቀር ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ተንፈራፈረች። ያን ያህል የሳቅንበት ቀን አልነበረም። ፖሊሷ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች። ጥቂት ቆይታ ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ተመለሰች። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም።

በመጠየቂያ ቀን ጎረቤቴ መጣች። ጠያቂና እስረኛ የሚተያዩት ግቢው ውስጥ ነው፤ መሃል ላይ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ተወጥሯል። ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። እሷ ሻርፗን አጥብቃ፣ እኔ ማተቤ አንገቴ ላይ ሆኖ፣ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ «ምኗ ነሽ?» ብሏታል። «እህቷ ነኝ።» ሁለታችንን በየተራ አየና «እህቷ?» አለ። «በአባት» አለችው፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ልጅቷ ደህና ናት» አለችኝ። «ከልጆቼ ጋር ትበላለች፣ ትጫወታለች። ማታ ማታ ትንሽ ያስላታል እንጂ።»

«መድኃኒቱንስ?»

«አገኘሁት። ግን ሲስተር፣ ፈራሁ። ብሰጣትና አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ልነግራት አፌን ስከፍት በሩ ላይ ያለው ፖሊስ «ሰላምታ ብቻ! ሰዓት አልቋል!» አለ። ጎረቤቴ ወደ ኋላዋ እየሄደች፣ «አባቷ ሰምቷል፤ እየመጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በስልክ ሳናግረው አላማረኝም። ልብሱን አውልቄ እወረውርላቸዋለሁ ይላል። ምከሪው» አለች።

ባሌን አውቀዋለሁ፤ እወረውራለሁ ካለ ይወረውራል። በጦርነት ጊዜ ልብሱን የወረወረ ወታደር የሚወሰድበትን ቦታም አውቀዋለሁ። ልጄ ያን ጊዜ ሁለታችንንም አጣች ማለት ነው። ደንባችን በዚያ ቀን ሊሰበር ነው።

አይሰበርም አልኩ። ሊመጣ ያለው ሰው ገመዱ ጋ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ልቅሶም፣ እሮሮም፣ ናፍቆትም አይበቃበትም። ርክክብ ግን ይበቃበታል።

ለካቦዋ ነገርኳት። ትኩሳቷ ለቋት ስለነበር ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «በይ እኔን እንደ ባልሽ ቁጠሪኝና ንገሪኝ» አለች። ሴቶቹ ከበቡን። ጀመርኩ። መሃል ላይ እጇን አነሳች።

«ረዘመ። ደንበኛ ቆሞ አይሰማሽም። ዋናውን አስቀድሚ።»

ቆረጥኩት። እንደገና ነገርኳት። እሷ ደገመች፤ ስትሳሳት አረምኳት። ጥግ ላይ ምግብ እምቢ ብላ የነበረችው ልጅ ሳትቀር «አታስተኚያት፣ አስቀምጫት» እያለች ታርማት ጀመር። በሁለተኛው ቀን ክፍሉ በሙሉ የልጄን አስም ተረክቦ ነበር።

መጣ።

የደንብ ልብሱን ለብሶ ነው የመጣው። ከስቷል፤ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል። ግቢው ውስጥ የነበሩት ፖሊሶች ልብሱን ሲያዩ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠፋቸው፤ አንደኛው ከወንበሩ ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። በገመዱ በኩል የቆመችው ያቺ የቆጠራዋ ፖሊስ ነበረች። ባሌ መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፤ እግሬን ነው። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግኩት።

«ጫማሽስ?»

«ማሰሪያውን ወሰዱት። እየወለቀ ሲያስቸግረኝ ተውኩት።»

መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። «በቃ» አለ። «ዛሬውኑ እመልስላቸዋለሁ። ልብሱንም፣ መሣሪያውንም። አንቺን እዚህ አስቀምጠው እኔ ለማን ነው የምዘምተው? ለማን?»

የመጨረሻዋን ቃል ጮክ ብሎ ነው የተናገራት። በሩ ላይ ያሉት ዞር ብለው አዩን። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ለእሷ ብሎ ዓለምን የሚገለብጥላት ባል የማትወድ ሴት የለችም። ለአንድ አፍታ «አድርገው!» ልለው ነበር። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ዓይኗን እያሸች የምታለቅሰው ልጄ ታየችኝ።

«ሃምሳ አለቃ!» አልኩ።

በትዳራችን ዘመን ሁሉ በማዕረጉ አዝዤው አላውቅም። እሱም ሊያደርገው አስቦ አይደለም፤ ሰውነቱ ነው የታዘዘው። ተረከዙ ገጠመ፣ እጁ ከጎኑ ወረደ፣ አገጩ ቀና አለ። እኔም ነጠላ ጫማዬ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ርክክብ» አልኩት።

«የምን ርክክብ?»

«የልጅህ። ስማኝ። አስም ጀምሯታል፤ አንተ አላየኸውም። ሊነሳባት ሲል አትስልም፤ ዝም ነው የምትለው። ወሬዋን አቁማ የልብሷን አንገትጌ ወደ ፊት ከሳበች ተጀምሯል ማለት ነው። አታስተኛት፤ አስቀምጣት። ፓፉን ነቅንቅ። ቂጡ የተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ ቤት አዘጋጅቻለሁ፤ በአንዱ በኩል ፓፉን ግጠምበት፣ በሌላው በኩል አፏንና አፍንጫዋን ሸፍነህ ቀስ ብላ ትተንፍስ። ካልተሻላት አትጠብቅ፤ ተሸክመህ ሩጥ። ጭስ ያለበት ቤት አታስገባት።»

ፖሊሷ ጠጋ አለች። «ሰላምታ ብቻ ነው የተፈቀደው።»

«ርክክብ ላይ ነኝ» አልኳት፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ ሳላነሳ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። እሷም ተራ ይዛ የምትቆምና ለተተኪ የምታስረክብ ሰው ናት፤ ቃሉን ታውቀዋለች።

«የሚያሰጋኝ…» ብዬ ጀመርኩ። እስከዚህ ድረስ ድምፄ አልከዳኝም ነበር፤ እዚህ ጋ ግን ተቆረጠ። «የሚያሰጋኝ አንተ ነህ። ልብሱን ወርውረህ ከእኔ ጎን ብትገባ እሷን ማን ይረከባታል? ሁለታችን በአንድ ጊዜ አንጠፋም ብለናል። ሂድና አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቅ። የዕቃ ግምጃ ቤትም ቢሆን፣ የበር ዘብም ቢሆን።»

«እኔ? ዕቃ ግምጃ ቤት?»

የከባድ መሣሪያ ተኳሽ ነው። ብርድ ልብስ ቆጥሮ መስጠት ለእሱ ከስድብ እኩል መሆኑን አውቃለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የለፋበትን ነገር ነው ተው የምለው። የእኔን ከእጄ ነጥቀው ወስደውታል፤ የእሱን ደግሞ በገዛ እጁ እንዲያስቀምጠው እየጠየቅኩት ነው። ቃሌን ግን አልመለስኩትም።

«ድገምልኝ» አልኩት።

«አልደግምም።»

«ሰዓት የለንም። ድገም።»

«ከተረከብኩ አንቺ ወጣሽ ማለት ነው» አለኝ። ዓይኑ ሞልቷል፤ እጁን ግን ከጎኑ አላነሳም። «ተረኛዋ ሄዳለች ማለት ነው። እኔ አልልም። በጭራሽ አልልም።»

ከአጥሩ ውጭ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ይላል። ባሌ እንደ ግንድ ቆሟል፤ እኔም ቆሜያለሁ። የተናገረችው ፖሊሷ ናት።

«ተረከባት እንጂ ወንድሜ» አለች፤ ሰዓቷን እያየች። «እኔም ተተኪዬ እየመጣ ነው። እሱ ከመጣ ይቺንም አታገኛትም።»

አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ጀመረ።

«አስም ጀምሯታል። ሊነሳባት ሲል ዝም ትላለች፣ አንገትጌዋን ትስባለች። አስተኝቻት…»

«አስቀምጠህ!» አልነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ፖሊሷም አብራኝ ነው ያለችው። ደነገጠችና አፏን ያዘች።

«አስቀምጫት» አለ። «ፓፉን ነቅንቄ ጠርሙሱ ላይ እገጥማለሁ። አፏንና አፍንጫዋን እሸፍናለሁ፣ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ካልተሻላት ተሸክሜ እሮጣለሁ። ጭስ ቤት አላስገባትም።» አረፈ። የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች። እየጠበቅኩት መሆኔን ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝውውሩን እጠይቃለሁ» አለ።

«እሺ።»

«ተረክቤያለሁ፣ መቶ አለቃ።»

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ «አልቋል!» ሲል ባሌ ዞሮ ሄደ። መለስ ብሎ አላየኝም። ቢያየኝ ኖሮ ሁለታችንም አንችለውም ነበር።

ወደ ክፍሉ ስገባ ሁሉም ቆመው ነው የጠበቁኝ። «ምን አለ?» አለች ካቦዋ።

«ተረክቤያለሁ አለ።»

እልልታ ክልክል ነው። ብርድ ልብሳቸው ላይ በመዳፋቸው አጨበጨቡ፤ ድምፁ የታፈነ ነበር፣ ግን ለብዙ ጊዜ አላቆመም። እኔ ቦታዬ ላይ ጋደም አልኩ። ከታሰርኩ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ ዞሮ አያውቅም ነበር። ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል፣ ተራዋን ጨርሳ አስረክባ የወጣች ነርስ የምትተኛውን እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሊያስፈራሩኝ የሚችሉበት ነገር አልነበራቸውም። መርማሪው በሌላ ቀን ጠርቶኝ «ስም?» ሲለኝ፣ «መቶ አለቃ» ብዬ ጀመርኩ። «ስም ነው ያልኩሽ» አለ። «ከመቶ አለቃ ነው የሚጀምረው» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት። በመጨረሻ ጻፈው።

አንድ ቀን እንዳስገቡኝ ሁሉ በድንገት አስወጡኝ። ለምን እንደገባሁ ያልነገረኝ ሰው ለምን እንደወጣሁም አልነገረኝም። ማሰሪያ የሌለው ጫማዬን እየጎተትኩ ከልደታ ጠመንጃ ያዥ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግኩም፤ መራመድም አምሮኝ ነበር።

ባሌ ግቢው በር ላይ ነበር። ዝውውሩን አግኝቶ፣ ከከተማው ዳር ባለ ካምፕ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስና ጫማ ሲያድል ቆይቷል። ጓደኞቹ «የብርድ ልብስ ጀግና» ብለው ሲጫወቱበት እንደከረሙ ቆይቼ ሰማሁ። ልሮጥ ስል እጁን አነሳ።

«ቆይ» አለኝ። «መጀመሪያ ርክክብ።»

እዚያው በሩ ላይ ቆመ፤ ልጄ ከእግሩ ኋላ ተደብቃ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። «የፊት ጥርሷ ወልቋል» አለ። «ወተት ትታለች፤ አታስገድጃት። አስሙ በብርድ ተነስቶባት ነበር። ተረት እየነገረችኝ በመሃል ዝም አለች። አንገትጌዋን ስትስብ አየኋት። አስቀመጥኳት። አልሮጥኩም፤ መሮጥ አላስፈለገኝም። የሚያሰጋኝ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር መግባቷ ነው።»

ሁሉንም ደገምኩለት። የመጨረሻዋን ስደግም አለቀስኩ። «ተረክቤያለሁ» አልኩ። ያስረከበ ይሄዳል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እሱ አልሄደም። ጎረቤቴ ከሱቋ ወጥታ «ምነው በር ላይ ቆማችሁ፣ ግቡ እንጂ!» እስክትል ድረስ ሦስታችንም እዚያው ነበርን። በማግስቱ ውሃ አሞቅኩና የልጄን ፀጉር አጠብኩላት። አለቅልቄም ጨረስኩ።

ዛሬ ማዕረጌም ሥራዬም ተመልሶልኛል። ስመለስ ይቅርታ ያለኝ የለም፤ እኔም እስኪሉኝ አልጠበቅኩም። ብዙ ሰው «ያንኑ ልብስ እንዴት መልሰሽ ለበስሽው?» ይለኛል። ያ ጥያቄ አንዳንድ ቀን ያመኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያናድደኛል። ሲይዙኝ በማግስቱ ዋርድ ገብቼ የምረከባቸው ቁስለኞች ነበሩ፤ ቀረሁባቸው። የጎደለውን ልጨርስ ነው የተመለስኩት። ባለቤቴም ወደ ጦር ክፍሉ ተመልሷል፤ ፈቃድ ሲወጣ ዛሬም ሜክሲኮ እንገናኛለን። በልደታ በኩል ሳልፍ ያንን ግቢ ፊቴን ሳላዞር አየዋለሁ።

አዲስ የተመደቡት ነርሶች ተራ ሲቀያየሩ ይቸኩላሉ። ሰርቪሱ ቆሟል፣ ስልካቸው ይጮሃል። «ገባኝ ሲስተር፣ ሂጂ በቃ» ይሉኛል፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ሊያሳርፉኝ ነው። እኔ ግን ቃሉን ከአፋቸው ሳልሰማ ከአልጋው አጠገብ አልንቀሳቀስም።